ከሳተላይት ሰዓት የሚወስድ አንቴና የት ይተከል? የቦታ አመራረጥ፣ አተካከልና ፍተሻ

ከሳተላይት ሰዓት የሚወስድ ተቀባይ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ፣ 14 ሳተላይት ይዣለሁ እያለ፣ በየሰከንዱ የሚያወጣው ፐልስ (የሰከንዱን መጀመሪያ የሚያሳይ የኤሌክትሪክ ምት) በ100 ናኖሰከንድ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ተቀባዩም አንቴናውም ደህና ናቸው፤ ችግሩ አንቴናው የቆመበት ቦታ ነው። ጂፒኤስን ለመንገድ የሚጠቀም ሰው ስህተቱን ወዲያው ካርታው ላይ ያየዋል። የሰዓት ስህተት ግን ከጎኑ የተሻለ ሰዓት ተቀምጦ ካልተመሳከረ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። ለዚህ ነው ጥንቃቄው ምሰሶው ከመተከሉ በፊት መጀመር ያለበት።

ስንት ናኖሰከንድ ይፈቀዳል?

ሥራው የሚፈልገውን ትክክለኛነት አስቀድመው ይወስኑ። ለኮምፒውተሮች ሚሊሰከንድ ከበቃ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ አንቴናም ሊያገለግል ይችላል፤ ከዚህ በታች ያለው ድካም አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ መስመር ፌዘር መለኪያዎች (የመስመሩን ሞገድ ማዕዘን የሚለኩ መሣሪያዎች) 1 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ይፈልጋሉ። በቲዲዲ (በአንድ ድግግሞሽ ላይ መላክና መቀበልን በጊዜ እያፈራረቀ) የሚሠራ የሞባይል ኔትወርክ ከሰዓት ምንጩ እስከ ሬዲዮው ድረስ በጠቅላላ ከ1.5 ማይክሮሰከንድ በላይ መሳት የለበትም፤ ከዚህ ውስጥ ለሰዓት ምንጩ የሚተርፈው በዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት (አይቲዩ) ጂ.8272 ምክረ ሐሳብ መሠረት 100 ናኖሰከንድ፣ ጠንከር ላለው ደረጃ ደግሞ 40 ናኖሰከንድ ነው።

የሬዲዮ ሞገድ በ1 ናኖሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 40 ናኖሰከንድ 12 ሜትር፣ 100 ናኖሰከንድ 30 ሜትር ማለት ነው። የጎረቤት ሕንጻ ብዙ ጊዜ ከዚህ አይርቅም፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

መጋረድ፣ መቀላቀል፣ ማሚቶ

በአንቴና ዙሪያ ያለ ነገር ሲግናሉን በሦስት መንገድ ይጎዳል፤ ሦስቱ ግን በክብደት አይተካከሉም።

መጋረድ ቀላሉ ነው። ግድግዳ ወይም ኮረብታ አንዳንድ ሳተላይቶችን ይሸፍናል፣ የሚታዩት ያንሳሉ። ቦታውን ለማያውቅ ተቀባይ ቢያንስ 4 ሳተላይት ግድ ነው፤ ሦስቱን የቦታ ልኬቶችና ሰዓቱን አንድ ላይ ስለሚያሰላ። አንቴናው የቆመበት ነጥብ በትክክል ተለክቶ ከገባለት ግን የሚቀረው አንድ ያልታወቀ ነገር ሰዓቱ ብቻ ስለሆነ በመርህ ደረጃ አንድ ሳተላይትም ይበቃዋል። ለሰዓት ሥራ የሳተላይት ቁጥር መብዛቱን እንደ ውጤት የሚቆጥር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መቀላቀል ሁለተኛው ነው። ቀጥታ የመጣው ሞገድና ከቆርቆሮ፣ ከመስታወት ወይም ከእርጥብ ሲሚንቶ ነጥሮ የመጣው አንድ ላይ አንቴናው ላይ ይደርሳሉ። ተቀባዩ የሁለቱን ድምር ስለሚለካ ልኬቱ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። ሳተላይቱ ሲንቀሳቀስ ስህተቱ ስለሚወዛወዝ በአማካይ በከፊል ይጠፋል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በተለያዩ ድግግሞሾች ያስተላልፋሉ፤ ኤል1 እና ኤል5 ከእነሱ መካከል ናቸው። በኤል1 ድግግሞሽ ላይ ያለው የቆየው የጂፒኤስ ኮድ አንድ ምቱ 293 ሜትር ይረዝማል፤ የኤል5 ኮድ ግን 29.3 ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ከ45 ሜትር ገደማ በላይ ተጨማሪ መንገድ ተጉዞ የመጣ ነጸብራቅ የኤል5ን ልኬት እምብዛም አይነካም።

ሦስተኛው የገደል ማሚቶ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋውም እሱ ነው። ገደል ፊት ቆሞ የሚጣራን ሰው አስቡ፤ ሰውየው ከአለት ጀርባ ተሸሽጎ ድምጹ ከገደሉ ነጥሮ ብቻ ቢሰማችሁ፣ የጠራችሁ ከገደሉ በኩል፣ የጠራውም ዘግይቶ ይመስላችኋል። ሳተላይቱም በግድግዳ ተጋርዶ ሞገዱ ከማዶ ሕንጻ ነጥሮ ብቻ ሲደርስ ተቀባዩ እንደ ቀጥታ ይቀበለዋል። የሚያወዳድርበት ቀጥተኛ ሞገድ የለውምና። ይህ ስህተት ምልክቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ መዘግየት። አማካይ ቢወሰድም አይጠፋም፤ ፐልሱን ወደ ኋላ ይጎትተዋል።

መጠኑን ማስላት ቀላል ነው። በደቡብ በኩል የተጋረደ አንቴና አለ እንበል፤ በሰሜን በ20 ሜትር ርቀት ትልቅ የመስታወት ግድግዳ ቆሟል። በደቡብ በ40 ዲግሪ ከፍታ ያለ ሳተላይት ሞገድ ከግድግዳው ነጥሮ ሲመለስ ተጨማሪ መንገዱ 2 ጊዜ ርቀቱ ጊዜ የከፍታው ኮሳይን ነው፦ 2 × 20 × 0.766፣ ማለትም 30.6 ሜትር፤ በጊዜ 102 ናኖሰከንድ። ተቀባዩ 8 ሳተላይቶችን እኩል መዝኖ ከያዘና አንዱ ብቻ እንዲህ ከሆነ ሰዓቱ 13 ናኖሰከንድ ያህል ይዘገያል። ዙሪያው ጠቦ 4 ሳተላይት ብቻ ቀርተው ሁለቱ ማሚቶ ከሆኑ ግን 51 ናኖሰከንድ ይደርሳል። የ40 ናኖሰከንዱ ድርሻ በዚህ ብቻ አልቋል።

አንቴናው ራሱ ትንሽ ይከላከላል። የጂፒኤስ ሞገድ ወደ ቀኝ እየዞረ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ ሲነጥር በአብዛኛው ወደ ግራ ይገለበጣል፣ ጥሩ አንቴናም ግራ ዞሩን ያዳክማል። ሁለት ጊዜ ከነጠረ ግን ተመልሶ ቀኝ ዞር ይሆናል። በሕንጻዎች መካከል ያለ አንቴና በዚህ መከላከያ ብቻ መተማመን የለበትም።

አድማሱን መለካት

ለቦታ ምርጫ የሚያስፈልገው ኮምፓስ፣ ማዕዘን መለኪያ (የስልክ መተግበሪያም ይሆናል)፣ ሜትርና ወረቀት ነው። አንቴናው በሚቆምበት ነጥብና ከፍታ ላይ ሆነው ከሰሜን በመጀመር በየ15 ዲግሪው ይዙሩ፤ 24 ንባብ ይሆናል። በእያንዳንዱ አቅጣጫ የሚታየው ነገር ጫፍ ከአድማስ በላይ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ይጻፉ። ከጎኑም ከምን እንደተሠራ ያስፍሩ፦ መስታወት፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ዛፍ። ኮምፓስ ከብረት ምሰሶና ከቆርቆሮ ጣሪያ አጠገብ ይስታል፤ ራቅ ብለው አንድ የሩቅ ምልክት አቅጣጫውን ይያዙና ሌላውን ከእሱ ይቁጠሩ።

መውጣት የማይቻልበት ቦታ ከሆነ ከርቀት ይሰላል። ከአንቴናው በ5 ሜትር ከፍ የሚል ሕንጻ ከ15 ዲግሪ በታች እንዲሆን 19 ሜትር፣ ከ10 ዲግሪ በታች እንዲሆን 28 ሜትር ያህል መራቅ አለበት።

ንባቦቹን ወረቀቱ ላይ የአድማሱ ሥዕል አድርገው ሲያጠናቅቁ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት። የመጀመሪያው የሚታየው ሰማይ ስንት ነው የሚል ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምህዋር ከምድር ወገብ 55 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ ከወገብ ራቅ ባሉ አገሮች ወደ ዋልታው በኩል ሳተላይት የማያልፍበት ባዶ ሰማይ አለ። አንድ ጎን መጋረዱ የማይቀር ከሆነ ያ ጎን ወደ ቅርቡ ዋልታ የሚያየው ይሁን።

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጣል፦ የትኛው ግድግዳ ሞገዱን እንደ መስተዋት ሊመልስ ይችላል? ከላይ ባዶ ነው ባልነው የዋልታ በኩል የቆመ ረጅም ግድግዳ ሳተላይት አይጋርድም፤ ፊቱን ግን ለተቀረው ሰማይ ሁሉ ሰጥቷል። ከአንቴናው መስመር በላይ ብቅ ያለ ሰፊ ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ከአንቴናው መስመር በታች ያለው የሚያንጸባርቀው ከሥር ወደ ላይ በመሆኑ አንቴናው ራሱ በደንብ ይቋቋመዋል። በአንዱ ጎን ሰፊ ሰማይ ከሚያሳይ ግን ረጅም መስታወት ካፈጠጠበት ጥግና፣ ዙሪያውን እኩል በ20 ዲግሪ ከተጋረደ ጣሪያ መካከል ምርጫ ቢመጣ ሁለተኛው ይሻላል።

ምሰሶና አንቴና

ምሰሶው አንቴናውን ከጣሪያ ጠርዝ ግድግዳ፣ ከሊፍት ክፍልና ከውሃ ታንከር በላይ የሚያደርስ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ማርዘም ትርፍ የለውም። ከጣሪያው ወለል ነጥሮ የሚመጣ ሞገድ ተጨማሪ መንገዱ 2 ጊዜ የምሰሶው ቁመት ጊዜ የከፍታው ሳይን ነው። በ1 ሜትር ምሰሶ፣ በ30 ዲግሪ ሳተላይት 1 ሜትር ነው፤ 3.3 ናኖሰከንድ። በ10 ሜትር ምሰሶ ደግሞ 10 ሜትር፣ 33 ናኖሰከንድ። ረጅም ምሰሶ በነፋስም ይወዛወዛል፣ መብረቅም ይጠራል።

አንቴናው የሚቀመጠው በምሰሶው ጫፍ ላይ ነው፤ በጎኑ አይደለም። ታወር ላይ ክንድ አውጥቶ ከመስቀል በቀር አማራጭ ከጠፋ ክንዱን ቢያንስ 1 ሜትር ያውጡ፤ ጎኑም ወደ ምድር ወገብ የሚያየው ይሁን። የታወሩ ብረት ራሱ እንደሚጋርድና እንደሚያንጸባርቅ አይርሱ። በውሃ ልክ ቀጥ ብሎ መቆሙን ያረጋግጡ።

ለሰዓት ሥራ የሚሸጡት ሾጣጣ ክዳን ያላቸው አንቴናዎች ለዚህ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ውሃና በረዶ አያቁሩም፣ ወፍ አያሳርፉም፣ ከአድማስ አካባቢ የሚመጣውንም ያዳክማሉ። ጠፍጣፋ አንቴና ከሆነ ከሥሩ ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ የብረት ሳህን ያስፈልገዋል፤ የኤል1 ሞገድ ርዝመት 19 ሴንቲሜትር ነው። ባለ ብዙ ቀለበት ቾክ ሪንግ ከሥርና ከዝቅተኛ ማዕዘን የሚመጣውን በጣም ይቀንሳል። ከፍ ካለ የመስታወት ግድግዳ በ40 ዲግሪ ለሚመጣ ማሚቶ ግን ምንም አይረዳም፤ በአንቴናው ዓይን ያ አቅጣጫ ተራ ሰማይ ነው። ገንዘቡን ለእሱ ከማውጣት በፊት ቦታ መቀየር ይሞከር።

ጎረቤቶች

የኤል1 ሲግናል መሬት ሲደርስ −128.5 ዴሲቤል-ሚሊዋት ያህል ብቻ ነው፣ ከተፈጥሮ ጫጫታው በታች የተቀበረ። ስለዚህ ጎረቤት ማስተላለፊያ ሁሉ ያስፈራዋል። የአንቴናው አምፕሊፋየር በጠንካራ ሲግናል ከታፈነ ተቀባዩ ምንም ማድረግ አይችልም። ከሞባይል አንቴናዎች ፊት ለፊት አይትከሉ፤ ከኋላቸው ወይም ከጨረራቸው በታች ይሁን፣ በተቻለ መጠን በብዙ ሜትር ይራቅ። በእጥፋቸው የሚመቱም አሉ፦ 787.71 ሜጋኸርዝ በሁለት ሲባዛ በትክክል 1575.42 ሜጋኸርዝ ነው፣ የኤል1 ድግግሞሽ። ከ1616 ሜጋኸርዝ ጀምሮ የሚያስተላልፉ የሳተላይት ስልኮችም ቅርብ ናቸው፤ ጠባብ ፊልተር ያለው አንቴና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌላ ባለ አምፕሊፋየር የሳተላይት አንቴና ካለ ቢያንስ 1 ሜትር ይለያዩ። የብረት ሐዲድ፣ የኤሲ ሳጥንና ታንከር ከ3 ሜትር ቢርቁ ጥሩ ነው። የሶላር ኢንቨርተር፣ ርካሽ የኤልኢዲ መብራትና የደህንነት ካሜራ ሰፊ ጫጫታ ሊረጩ ይችላሉ፤ ጥርጣሬ ካለ አንድ በአንድ እያጠፉ የሲግናል ጥንካሬውን ይመልከቱ። ዛፍ ሲደርቅ የሚያሳልፈውን ሲረጥብ ይውጣል፣ ያድጋልም። ሙቀት ለመመለስ በቀጭን ብረት የተቀባ የመስኮት መስታወት ደግሞ ለአንቴና ግድግዳ ማለት ነው፤ ውስጥ ያለ አንቴና የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ማሚቶ ነው።

መኪና ውስጥ የሚሰካ ትንሽ ጃመርም አለ። በአሜሪካ የኒውዋርክ አውሮፕላን ማረፊያ የጂፒኤስ መሣሪያ በአቅራቢያው በሚያልፍ የጭነት መኪና ጃመር ተረብሾ፣ በ2013 በሹፌሩ ላይ ቅጣት ተወስኗል። መንገድ ዳር ላለ ሕንጻ መፍትሔው አንቴናውን ከጠርዙ ወደ መሐል ማስገባት ነው፦ ሰማዩን ሳይነካ የጣሪያው ጠርዝ መንገዱን እንዲጋርድለት።

ኬብልና መብረቅ

ይህ ክፍል የታወቀ ስለሆነ አጠር ይላል። ጠጣር ፕላስቲክ ያለው ኮአክሲያል ኬብል በሜትር 5 ናኖሰከንድ፣ አረፋ ያለው 4 ናኖሰከንድ ገደማ ያዘገያል። 30 ሜትር ጠጣር ኬብል 150 ናኖሰከንድ ነው። ቁጥሩን ተቀባዩ ውስጥ ሲያስገቡ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን ከመመሪያው ያረጋግጡ፤ ከተገለበጠ ስህተቱ እጥፍ ይሆናል። የአንቴናው ማጉያ 28 ዴሲቤል፣ የኬብሉ ብክነት 12 ከሆነ ለተቀባዩ የሚደርሰው 16 ነው፤ ይህ ከተቀባዩ መመሪያ ጋር ይመሳከር፣ ከመጠን በላይ ማጉላትም ይጎዳልና።

አንቴናው በአካባቢው ከፍተኛው ነገር አይሁን፤ ከመብረቅ ዘንግ ጫፍ ወደ ታች በ45 ዲግሪ በሚሰፋው ጥላ ውስጥ ይግባ። ከመብረቅ የሚመጣውን ድንገተኛ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚመልሰው ሰርጅ አሬስተር ወደ አንቴናው የሚሄደውን ቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ኮኔክተሩን ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ይጠቅልሉ፣ ኬብሉንም ወደ ሕንጻው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጠብ የሚያደርግ መታጠፊያ ይስጡት። ውሃ የገባበት ኮኔክተር በመረጃው ላይ ልክ እንደ ተጋረደ ሰማይ ሆኖ ይታያል፤ ልዩነቱ ሁሉም አቅጣጫ እኩል መዳከሙ ነው።

ተቀባዩን ማስተካከል

የአንቴናው ቦታ ይለካና ይቆለፍ። የ20 ደቂቃ ራስ-ልኬት ነጸብራቅ ባለበት ቦታ የተሳሳተ ነጥብ ያስቀምጣል፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ይስጡት። ከፍታው በ6 ሜትር ከፍ ብሎ ከተመዘገበ በአናት ላይ ያለ ሳተላይት 20 ናኖሰከንድ፣ በ30 ዲግሪ ያለው 10 ናኖሰከንድ ሰዓቱን ወደ ኋላ ይጎትታሉ። ቁጥሩን በእጅ የሚያስገቡ ከሆነ ደግሞ ተቀባዩ የሚጠይቀው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ነው ወይስ ከኤሊፕሶይድ (የምድርን ቅርጽ ከሚወክለው ሒሳባዊ ገጽ) በላይ ያለውን? ሁለቱ በአንዳንድ አገር በብዙ አሥር ሜትሮች ይለያያሉ፤ 30 ሜትር ልዩነት እስከ 100 ናኖሰከንድ ነው። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ፣ በጣምም የሚያስቆጭ ነው።

የማዕዘን ገደቡን (ከእሱ በታች ያለ ሳተላይት የሚጣልበትን ከፍታ) ክፍት ቦታ ላይ በ15 ዲግሪ፣ ሕንጻ በበዛበት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያድርጉ። ነጥቡ ከተቆለፈ በኋላ ዝቅተኛ ሳተላይቶችን መጣል አይጎዳም። የሲግናል ጥንካሬ ገደብም በ35 ዴሲቤል-ኸርዝ አካባቢ ይጀምሩ። ጥሩ መስታወት ግን ማሚቶውን 40 አድርጎ ሊመልሰው ስለሚችል ይህ ገደብ ብቻውን አያድንም። ተቀባዩ በአቅጣጫ ለይቶ መጣል ከቻለ አድማሱን የለኩበትን ሥዕል እንዳለ ያስገቡለት።

አንዳንድ ተቀባይ አሳሳቹን ሳተላይት በራሱ ነቅሶ የሚያወጣበት ዘዴ አለው፤ ዘዴው የሚሠራው ግን አብዛኞቹ እውነተኞች ሲሆኑ ነው። ሁለት ድግግሞሽ መጠቀም በአየኖስፌር (በኤሌክትሪክ በተሞላው የላይኛው የአየር ንጣፍ) የሚመጣውን መዘግየት ያስወግዳል እንጂ ግድግዳን አያስወግድም። በቻይናው የሳተላይት ሥርዓት በቤይዱ ውስጥ ከአንድ ቦታ የማይንቀሳቀሱ ሳተላይቶች አሉ፤ እነሱ ከተጋረዱና ነጥረው ከገቡ ስህተታቸው ቀንም ሌትም ያው ስለሆነ ይዝጓቸው።

ፍተሻ

ለ72 ሰዓት በየ30 ሰከንዱ የእያንዳንዱን ሳተላይት ከፍታ፣ አቅጣጫና ጥንካሬ ይመዝግቡ፤ ኤንኤምኢኤ (የተለመደው የተቀባዮች የጽሑፍ መረጃ አወጣጥ) የሚያወጣ ተቀባይ ሁሉ የሚታዩትን ሳተላይቶች በሚዘረዝረው የጂኤስቪ መስመሩ ይሰጣል። ከዚያ በአድማሱ ሥዕል ላይ ያስቀምጡት። በግድግዳው ሥዕል ውስጥ ጥንካሬ ያለው ሳተላይት ከታየ ማሚቶ ተይዟል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም፣ መሣሪያም አይጠይቅም። ጤነኛ ቦታ ላይ ከ45 ዲግሪ በላይ ያሉት 45 ዴሲቤል-ኸርዝ አካባቢ ይሆናሉ። ጥንካሬው እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ነጸብራቅ እየተቀላቀለ ነው፤ ቀስ ያለ ሞገድ ቅርብ ነገርን፣ ፈጣኑ ሩቅ ነገርን ይጠቁማል።

ሰዓቱን ለማወዳደር የሩቢዲየም አቶሚክ ሰዓት ወይም ክፍት ሰማይ ላይ ያለ ሌላ ተቀባይ ያስፈልጋል። ሁለት ተቀባዮችን በስፕሊተር (ሲግናልን ለሁለት በሚከፍል መሣሪያ) ከአንድ አንቴና ማገናኘት ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ማሚቶ ሰምተው ይስማማሉ። በጂፒኤስ ብቻ እያሠሩ የልዩነቱን መስመር ለጥቂት ቀናት ይሳሉ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ወደነበሩበት ሰማይ ስለሚመለሱ ከነጸብራቅ የመጣ ቅርጽ በየቀኑ 4 ደቂቃ እየቀደመ ይደገማል። አየኖስፌር ያመጣው ግን ቀትር ካለፈ ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ጎልቶ በየቀኑ እዚያው ሰዓት ላይ ይታያል። የሁለተኛውን ቀን መስመር በ4 ደቂቃ ገፍተው በመጀመሪያው ላይ ሲደርቡት ከገጠመ ጥፋቱ የአካባቢው ነው። የሩሲያው ግሎናስ በ8፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮ በ10 የኮከብ ቀናት (እያንዳንዱ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ) ስለሚደገሙ ከተቀላቀሉ ይህ ምልክት ይደበዝዛል።

አንቴናውን ግማሽ ሜትር አንቀሳቅሰውም ይሞክሩ። የሚወዛወዘው ክፍል ቅርጹ ከተለወጠ መቀላቀል ነበር፤ ቋሚው መዘግየት ግን እዚያው ከቆየ ማሚቶ ነው፣ በግማሽ ሜትር አይሸሽም። ጥሩ ኦሲሌተር (ተቀባዩ ውስጥ ያለው የራሱ ሰዓት ቆጣሪ) የሚወዛወዘውን ረጅም አማካይ ወስዶ ያለሰልሰዋል፤ ቋሚውን መዘግየት ግን ይዞት ይቀጥላል። ለዚያ ያሉት መንገዶች በቅደም ተከተል ቦታ መቀየር፣ በአቅጣጫ መጣል፣ የማዕዘን ገደቡን ከፍ ማድረግ ናቸው።

የአድማሱን ሥዕልና የዙሪያውን ፎቶ ከተቀባዩ ቅንብር ጋር ያስቀምጡ። ማዶ ክሬን ሲቆም፣ ጣሪያው ላይ አዲስ ታንከር ወይም አንቴና ሲወጣ፣ የጎረቤት ሕንጻ ፊቱን በመስታወት ሲያለብስ የ72 ሰዓቱን ምዝገባ ይድገሙና ከቀድሞው ጋር ይደርቡት። ኬብል ወይም አንቴና በተቀየረ ቁጥር የመዘግየት ቁጥሩ እንደ አዲስ ይገባ፤ አንቴናው አንድ ሜትር እንኳ ከተንቀሳቀሰ የተቆለፈው ነጥብ ተሰርዞ የ24 ሰዓቱ ልኬት እንደገና ይሠራ።